ሰቆጣ ላይ የሚሠራ ምጣድ ስንት ነጥብ ያሰጣል?

የተከዜ ግድብ ቁመት 188 ሜትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ሲመረቅ በአፍሪካ ከተሠሩ የቅስት ግድቦች ሁሉ ረጅሙ ነበር። ከመሬት በታች በተቆፈረው የኃይል ቤት ውስጥ እያንዳንዳቸው 75 ሜጋ ዋት የሚያመነጩ አራት ተርባይኖች አሉ፤ በድምሩ 300 ሜጋ ዋት። የሚመነጨው ኃይል በ230 ኪሎ ቮልት መስመር ወደ መቀሌ ተሻግሮ ከብሔራዊው ቋት ይቀላቀላል።

ከግድቡ ጀርባ የተኛው ሐይቅ የዋግ ኽምራን ቆላ ይነካል። የዝቋላና የአበርገሌ ወጣቶች ዓሣ ያወጡበታል። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን በሐይቁ ዙሪያ ባሉ ብዙ መንደሮች የሚታየው ብርሃን የምድጃ እሳትና የእጅ ባትሪ ነው። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይባል ነበር፤ የተከዜን ልጅ ደግሞ መብራት ጠማው።

ሰቆጣ ከተማ መስመሩ ደርሷታል። ነገር ግን በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ኃይሉ ተቋርጦ ከተማዋና አካባቢዋ ለብዙ ወራት በጨለማ ቆይተዋል። ከሩቅ የሚመጣ አንድ መስመር ሲበጠስ ወፍጮው ይቆማል፣ የክትባት ማቀዝቀዣው ይሞቃል፣ ስልኩ ይዘጋል። መተኪያ የለም።

ይህ ጉዳይ ሲነሳ ጣት የሚቀሰርባቸው ወገኖች የታወቁ ናቸው፦ መንግሥት፣ መብራት ኃይል፣ ጦርነት፣ የበጀት እጥረት። ሁሉም ድርሻ አላቸው። እምብዛም የማይነሳው የኢነርጂና የትራንስፖርት ምሁሩ ጉዳይ ነው። አገሪቱ ምሁሩን አስተምራ፣ ውጭ ልካ፣ ማዕረግ ሰጥታ ስታበቃ ምን አምጣ አለችው? ጽሑፍ አምጣ አለችው። እሱም አመጣ።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኤሌክትሪካል ምህንድስና መምህሩ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ማርያም እ.ኤ.አ. በ2002 "ኢነርጂ ፖሊሲ" በተባለው ዓለም አቀፍ ጆርናል ላይ ስለ ኢትዮጵያ ገጠር ጽፈዋል። ታዳሽ ኃይል ለገጠር ልማት እንዲውል ከተፈለገ አዲስ የኃይል ፖሊሲና የተቋማት ማሻሻያ ያስፈልጋል የሚል ነበር ክርክራቸው። ከሃያ ዓመት በላይ አልፎታል፤ ዛሬ ቢታተም ቀኑን መቀየር ብቻ ይበቃው ነበር።

ከእሳቸው በኋላ ዶክተር ጌታቸው በቀለ መጡ። እ.ኤ.አ. በ2009 በስቶክሆልም የሮያል ቴክኖሎጂ ተቋም ዶክትሬታቸውን ሲሠሩ የመረጡት ርዕስ ከዋናው መስመር ርቆ ለሚኖር የኢትዮጵያ መንደር ፀሐይንና ነፋስን አጣምሮ ኃይል ማድረስ ይቻላል ወይ የሚል ነበር። በመጀመሪያ የአራት ቦታዎችን የነፋስ አቅም መረመሩ፦ አዲስ አበባ፣ መቀሌ፣ ናዝሬትና ደብረ ዘይት። ከዚያም 200 አባወራ ያለበት መንደር በምሳሌነት ወስደው የሚያስፈልገውን ኃይል አሰሉ። የዚህ ሥራ ትልቁ ቁም ነገር በስሌቱ ውስጥ የገባው ዝርዝር ነው። አምፖልና ሬዲዮ ብቻ አይደለም፤ የውኃ ፓምፕ አለ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ኬላም አለ። የገጠሩን ሕይወት የሚያውቅ ሰው ያወጣው ዝርዝር መሆኑ ያስታውቃል።

ከሰቆጣ በቀጥታ መስመር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቀው መቀሌ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው መሐንዲሶች ከኖርዌይ ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ሌላ መንገድ ሞከሩ። የፀሐይን ሙቀት በመስታወት ሰብስበው፣ በእንፋሎት ወደ ምጣድ አድርሰው፣ ሙቀቱን አጠራቅመው እንጀራ መጋገር እንደሚቻል አሳዩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሟል።

እንግዲህ እውቀት ጠፍቶ አይደለም። መንደሩ በኮምፒውተር ውስጥ መብራት አለው፤ ምጣዱም በቤተ ሙከራ ይጋገርበታል። የሁለቱም ሥራ ግን በሰቆጣ ገበያ የሚሸጥ ዕቃ አልሆነም። ጥፋቱ የተመራማሪዎቹ አይደለም። የተጠየቁትን ሠርተዋል፤ ጉድለቱ ያለው ጥያቄው ላይ ነው።

ጥያቄውን የሚያወጣው የማዕረግ ዕድገት ሥርዓቱ ነው። አንድ የምህንድስና መምህር ከረዳት ፕሮፌሰርነት ወደ ተባባሪ፣ ከተባባሪ ወደ ሙሉ ፕሮፌሰርነት ሲሄድ ሚዛኑን የሚደፋለት በታወቀ ጆርናል የታተመ ጽሑፍ ነው። የማኅበረሰብ አገልግሎት የሚባል ዓምድ አለ፤ ብዙ ጊዜ ግን በሥልጠና ብዛትና በምስክር ወረቀት ይሞላል። አንድ መምህር ዳህና ወይም ጋዝጊብላ ገብቶ፣ ከአንጥረኛና ከግንበኛ ጋር ሠርቶ፣ ሦስት ክረምት ያለፈበት ምጣድ ወይም ወፍጮ ቢተው ያ ሥራ በየትኛው መስመር ላይ ይጻፋል? በዚያው ሦስት ዓመት ባልደረባው ቢሮው ተቀምጦ አምስት ጽሑፍ ያወጣል። አስተዋይ ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው።

ይህ ምርጫ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ለማየት ወደ ጓዳ መግባት ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ ቤተሰብ ከሚጠቀምበት ኃይል ዘጠና በመቶ ገደማው እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበትና የእርሻ ተረፈ ምርት ነው። ከዚህ ትልቁን ድርሻ የሚበላው እንጀራ መጋገር ነው። በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነድ እንጨት ምጣዱ ጋ የሚደርሰው ሙቀት አንድ አስረኛ ያህል ብቻ ነው፤ ሌላው ጭስ ሆኖ በአይንና በሳንባ ያልፋል። እንጨቱ በዋግ ራቁት ተራሮች ላይ ከዓመት ዓመት እየራቀ ይሄዳል። የሚሸከመው የሴቶችና የልጆች ጀርባ ነው። ይህ የኃይል ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የትራንስፖርት ጉዳይም ነው። በገጠር ዋግ ትልቁ የነዳጅ ማመላለሻ ከቦቴ መኪና ይልቅ የእናት ወገብና አህያ ናቸው።

አሁን ለገጠሩ መፍትሔ ተብሎ የሚታደለውን የቤት ሶላር እንይ። 50 ዋት ፓነል አምፖል ያበራል፣ ስልክ ይሞላል፣ ሬዲዮ ያሰማል። ጥሩ ነገር ነው። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ከ3 እስከ 4 ኪሎ ዋት ይስባል። የዚህን ያህል ጉልበት ለማግኘት በቀትር ፀሐይ 70 ያህል እንዲህ ያሉ ፓነሎች ይፈለጋሉ። 200 አባወራ ካለበት መንደር ሩቡ ብቻ በአንድ ጠዋት ምጣድ ቢጥድ 175 ኪሎ ዋት ያስፈልጋል። ስለዚህ "መንደሩ መብራት አግኝቷል" የሚለው ሪፖርት እውነት ሊሆን ይችላል፤ እናቲቱ ግን ነገም እንጨት ትለቅማለች።

ይህን የማይቻል የሚያስመስለው ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጋግራል የሚለው ግምት ነው። የዋግ ሰማይ በአማካይ በቀን በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ላይ ከ5 እስከ 6 ኪሎ ዋት ሰዓት የፀሐይ ኃይል ያወርዳል። ጥሩ ፓነል ከዚህ ወደ 1 ኪሎ ዋት ሰዓት የሚጠጋ ኤሌክትሪክ ያወጣል። ለሁለት ሰዓት የሚጋገርበት ምጣድ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይፈልጋል። የአንድ የኤሌክትሪክ ባጃጅ ባትሪም የሚይዘው ከዚህ ብዙ የማይርቅ ነው። ማለትም የአንድ አነስተኛ ጣሪያ ፓነል በአንድ ቀን ወይ አንድ ቤት ያስጋግራል፣ ወይ አንድ ባጃጅ ይሞላል።

እዚህ ላይ ነው ኃይልና ትራንስፖርት አንድ ጥናት የሚሆኑት። ቤተሰብ እንጀራ በየቀኑ አይጋግርም፤ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ነው። ባጃጅና ጋሪ የሚሯሯጡት በገበያ ቀን ነው። በበዓል ዋዜማ ምጣድ ይበዛል፣ በመኸር ጊዜ ጭነት ይበዛል፣ ወፍጮ ደግሞ ከገበያ ማግስት ይጨናነቃል። የጋራ መጋገሪያ ቤት ቢኖር፣ ተራ ቢወጣ፣ በገበያ ቀን ኃይሉ ለማጓጓዣ በሌላው ቀን ለምጣድ ቢውል ያው ፓነል ሁለት ሥራ ይሠራል። ይህን መርሐ ግብር ስቶክሆልምም ሆነ አራት ኪሎ ተቀምጦ ማውጣት አይቻልም። የትኛው ቤት መቼ እንደሚጋግር፣ የማሽላ እንጀራ ምን ያህል እሳት እንደሚፈልግ፣ ሴቶቹ በጋራ ቤት መጋገር ይስማሙ አይስማሙ የሚያውቀው እዚያ የኖረ ሰው ነው። ከመጠየቁ በፊትም በኽምጣና ሰላምታ መስጠት ቢችል ይሻለዋል።

ቦታው ራሱ ስሌቱን ይቀይራል። ሰቆጣ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ላይ ነች። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ሞተር ከጉልበቱ አምስተኛውን ያህል ያጣል። ስለዚህ በፋብሪካው ወረቀት ላይ የተጻፈለት አቅም ያለው ወፍጮ ሰቆጣ ሲደርስ ደካማ ነው፣ ነዳጅም ይበላል። የነፋስ ተርባይንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ጉልበቱን ከአየር ስለማይወስድ በከፍታው እንደ ናፍጣው አይደክምም። የሶላር ፓነልም ደጋው ቀዝቃዛ ስለሆነ ከቆላው የተሻለ ይሠራል። በዚያው ዞን ቁልቁል ወደ ተከዜ ሲወረድ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ልዩነት አለ፤ ሙቀቱ ባትሪን ያስረጃል። ዳገት የሚወጣ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ባትሪውን ይጨርሳል፣ ቁልቁለት ሲወርድ ደግሞ በፍሬኑ መልሶ ይሞላል። የዋግ ምድር ለአንድ የትራንስፖርት ተመራማሪ ከማንኛውም ቤተ ሙከራ የበለጠ ፈተና አዘጋጅቶለታል። ተፈታኙ ግን አልመጣም።

ግብርናው በዚህ ረገድ የተሻለ ያውቅበታል። ሰቆጣ ውስጥ የአማራ ክልል ግብርና ምርምር ኢንስቲትዩት የሚያስተዳድረው የሰቆጣ ደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል አለ። ማሽላውና የአበርገሌ ፍየል በዚያው አፈርና በዚያው ድርቅ እንዲጠኑ ነው የተቋቋመው። አዲስ አበባ ላይ የበቀለ ማሽላ አይቶ "ዋግም ይበቅላል" የሚል አግሮኖሚስት ይሳቅበታል። መሐንዲሱ ግን አዲስ አበባ የተፈተነ ምጣድና ባጃጅ ይዞ "ለአገሪቱ ገጠር" ብሎ ቢጽፍ ማንም አይስቅም። ማሽላ ጣቢያ አለው፤ ማሽላውን እንጀራ የሚያደርገው እሳት የለውም።

የተሳካ ምሳሌ ከተፈለገም ከሩቅ ማምጣት አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በመንግሥት የኢነርጂ ጥናትና ምርምር ማዕከል የተሠራው "ምርጥ" ምድጃ አለ። ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር እንጨቱን ወደ ግማሽ ይቀንሳል። በመላ አገሪቱ የተሰራጨው ግን በቁጥሩ ማማር ብቻ አልነበረም። ከሲሚንቶና በየአካባቢው ከሚገኝ አሸዋና ቀላል ድንጋይ ይቀረጻል፤ ሻጋታ የያዘ አንድ ሰው በትንሽ ግቢ ውስጥ ሠርቶ ይሸጠዋል፤ ሲሰነጠቅ ሌላ ቁራጭ ይቀየርለታል። ሠሪ፣ ሻጭና ጠጋኝ ነበረው። ብዙዎቹ የታደሉ ሶላሮች የጎደላቸው ይኸው ነው፤ ባትሪው ሲሞት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጌጥ ሆነው ይቀራሉ።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሱ ተቃውሞዎች አሉ፤ ቀላል አይደሉም።

የመጀመሪያው "ምሁር መብራት ኃይል አይደለም፤ ማሰራጨት የሱ ሥራ አይደለም" የሚል ነው። እውነት ነው፤ ማንም ፕሮፌሰሩን ምሰሶ ትከል አላለውም። ነገር ግን ምጣዱ በሦስተኛው ዓመት ለምን እንደተተወ ማወቅ ምርምር ነው፤ ያውም ከባዱ። ለምን እንደቆመ ያልተጠና መሣሪያ በሌላ ስም ተመልሶ ይመጣና በዚያው ምክንያት ይቆማል።

ሁለተኛው "ጽሑፍ ካልታተመ ዓለም አያውቀንም" ይላል። ይህም እውነት ነው። የነፋስ ልኬት ያልታተመበት አገር ተርባይን የት እንደሚተከል አያውቅም፤ የእነ ዶክተር ጌታቸው ዓይነት ሥራ ባይኖር ኖሮ ዛሬ የሚነሳበት መሬት አይኖርም ነበር። ጽሑፉ ይቀጥል። የሚጠየቀው ከጽሑፉ ጎን ሌላ ሚዛን እንዲቀመጥ ነው።

ሦስተኛውና ከባዱ ሰላም ነው። ከጦርነቱ በኋላም በአማራ ክልል ግጭቱ አልቆመም፤ ተመራማሪ መኪና ይዞ ዋግ ሊገባ የማይችልባቸው ጊዜያት አሉ። ይህን ማቃለል አይቻልም። ግን መስመር የሚበጠሰውም በዚያው ግጭት ነው፤ ነዳጅ የሚጠፋውም ያኔ ነው። በራሱ የሚቆም ወፍጮና የክትባት ማቀዝቀዣ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው ሰላም በሌለበት ጊዜ ነው። መንገድ ሲዘጋ ሥራው እንዳይቆም የሚያደርገውም አንድ ነገር ነው፤ የሚለካውና የሚጠግነው የአካባቢው ልጅ መሆኑ። በቴክኒክና ሙያ የሠለጠኑ የሰቆጣ ወጣቶች ልኬቱን ይዘው ቢቀመጡ ፕሮፌሰሩ ባይደርስም መረጃው አይቋረጥም።

ስለዚህ ሊደረጉ የሚችሉ ሦስት ነገሮች አሉ፤ አንዳቸውም አዲስ ግድብ አይጠይቁም።

አንደኛ፣ የማዕረግ ዕድገት መመሪያው ላይ አንድ መስመር ይጨመር። መስክ ላይ ተተክሎ ሦስት ዓመት የሠራ፣ ተጠቃሚዎቹ የመሰከሩለት፣ የአካባቢው ሰው የሚጠግነው መሣሪያ ከአንድ ጥሩ ጆርናል ጽሑፍ እኩል ይቆጠር። የከሸፈውም ለምን እንደከሸፈ በሐቅ ከተጻፈ ይቆጠር።

ሁለተኛ፣ በሰቆጣ ካለው የግብርና ምርምር ማዕከል ጎን አነስተኛ የኃይልና የትራንስፖርት መፈተሻ ጣቢያ ይከፈት። ሕንፃ አይደለም የሚያስፈልገው፤ አንድ የጋራ መጋገሪያ፣ አንድ ወፍጮ፣ ጥቂት የኤሌክትሪክ ባጃጆችና ጋሪዎች፣ የሚመዘግብ ሰው። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናታቸውን እዚያ ይሥሩ።

ሦስተኛ፣ የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ፖሊሲው ከአዲስ አበባ ቀለበት መንገድ ይውጣ። መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ሲያሳውቅ የተነጋገርነው ስለ ቤት መኪና ነበር። ነዳጅ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ተጓጉዞ የሚደርሳት ሰቆጣ ከዚህ ፖሊሲ ቀድማ ልትጠቀም የሚገባት ከተማ ነበረች።

ሰቆጣ ስሟ ለአገር ሲውል ይህ የመጀመሪያው አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ2015 መንግሥት ከሁለት ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየውን መቀንጨር በ2030 ለማጥፋት ቃል ሲገባ ሰነዱን "የሰቆጣ ቃል ኪዳን" አለው። የ1977ቱን ረሃብ የምታስታውስ ከተማ ስም ነውና የተመረጠው፣ ከባድ ስም ነው። ሕፃን እንዳይቀነጭር ግን እህል ብቻ አይበቃም፤ እህሉን የሚፈጭ፣ የሚያበስልና የእናቱን ጊዜ የሚመልስ ኃይል ይፈልጋል። በተመሳሳይ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ፕሮግራም በ2025 ለሁሉም ዜጋ ኤሌክትሪክ አደርሳለሁ ብሎ ነበር፤ 65 በመቶውን በዋናው መስመር፣ 35 በመቶውን ከመስመር ውጪ። 2025 መጣ፣ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የሕዳሴ ግድብም በዚያው ዓመት በጳጉሜን ተመረቀ። ማመንጨት እንደሚቻል ተረጋግጧል። የቀረው ከግድቡ እስከ ጉልቻው ያለው መንገድ ነው፤ እሱን የሚያጠና ሰው ደግሞ አሁንም ነጥብ የሚሰጠው አላገኘም።

የማዕረግ ኮሚቴ ሲሰበሰብ በጠረጴዛው ላይ የሚነሳው ጥያቄ "የት ታተመ?" የሚል ነው። ይጠየቅ። አንድ ሌላ ጥያቄ ግን ይከተለው፤ አንድ ሰው ስልክ አንስቶ ዝቋላ ወይም ዳህና ይደውልና ያቺን እናት ይጠይቅ፦ ምጣዱ ዛሬም ይሞቃል ወይ?